ሰባት ጨረር ያላት ፀሐይ

ደሴ ፒያሳ፣ አንዲት ትንሽ መድኃኒት ቤት፤ ፋርማሲስቷ ምንታምር ወንበር ላይ ቆማ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሙያ ፈቃዷን ለማውረድ ትንጠራራለች፣ የቤቱ ባለቤት ጋሽ እንዳሻው ከታች ወንበሩን ይዘው ቆመዋል።

ጋሽ እንዳሻው፦ ውረጂ ብያለሁ! ወድቀሽ ወገብሽ ቢሰበር ማን ሊጠየቅ ነው?

ምንታምር፦ ምስማሩን ማን ነው እንዲህ ጣራ ሥር የመታው?

ጋሽ እንዳሻው፦ እኔ ነኝ። ተቆጣጣሪ ከበር ሆኖ እንዲያየው ነው እንጂ፣ አንቺ ሽርሽር ባማረሽ ቁጥር እንድታወርጂው አይደለም።

ምንታምር፦ ሽርሽር አይደለም ጋሼ።

ጋሽ እንዳሻው፦ ታዲያ ምንድን ነው? ሰው አምስት ዓመት ሙሉ ፋርማሲ ተምሮ የሱቅ ማስታወቂያ ለመሳል እስከ ጎባ ይሄዳል? የጸጉር ቤት ሰሌዳ! የልብስ ሰፊ ሰሌዳ! ደግሞ እኮ እያየሽ የገለበጥሽው ደብተር ሙሉ ነው።

ምንታምር፦ በእጅ የተሳሉት ሰሌዳዎች እያለቁ ነው። በየከተማው እየወረዱ በፕላስቲክ ይተካሉ። ጎባ ያሉት ሽማግሌ ሰዓሊ ደግሞ ዓይናቸው እየደከመ ነው፤ አሁን ካልሄድኩ ሲሠሩ አላያቸውም። ሦስት ሳምንት ብቻ ነው።

ጋሽ እንዳሻው፦ ሂጂ! ማን ከለከለሽ? ፈቃዱን ብቻ ተዪልኝ። ባለፈው ሐረር ስትሄጂ ትተሽልኝ አልነበር?

ምንታምር፦ ትቼ ነበር።

ጋሽ እንዳሻው፦ ታዲያ ምን ሆነ? ቤቱ ተቃጠለ? አሥር ቀን እኔው ቆሜ ሸጥኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ጤና ረዳት ሆኜ የሠራሁ ሰው ነኝ፣ ክኒን ከከረሜላ እለያለሁ።

ምንታምር፦ ተዉኝ ጋሼ። ካወራሁ ይከፋዎታል።

ጋሽ እንዳሻው፦ ይክፋኝ!

ምንታምር፦ እስክመለስ ቤቱ ይዘጋ። ባለሙያ የሌለበት መድኃኒት ቤት ይዘጋል፣ ሕጉም ያ ነው።

ጋሽ እንዳሻው፦ ሦስት ሳምንት? ደንበኛው ማዶ ይሻገርና እዚያው ይቀራል! እንግዲህ ምረጪ፤ ወይ መድኃኒቱን ወይ ሥዕሉን። ሁለቱን አንድ ላይ ይዞ የሚሄድ ሰው አላየሁም።

ምንታምር፦ ፀሐይዋን ከየት ያመጣኋት ይመስልዎታል?

ጋሽ እንዳሻው፦ የቷን ፀሐይ?

ምንታምር፦ ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች የመድኃኒቱ ካርቶን ላይ የምስላትን። ጠዋት ለሚዋጥ ፀሐይ፣ ማታ ለሚዋጥ ጨረቃ። ባቲ ሰሌዳ ልስል ሄጄ አንድ ወፍጮ ቤት በር ላይ ነው ያየኋት። ሲከፍት ፀሐይ፣ ሲዘጋ ጨረቃ ይሰቅላል። ያን ጊዜ ባልሄድ ኖሮ ዛሬም ፊደል ለማይለዩ እናቶች በእስክሪብቶ እጽፍላቸው ነበር።

ጋሽ እንዳሻው፦ እሷንማ እወዳታለሁ! ሰዉም ለምዷታል። አንቺ በሌለሽ ጊዜ እንኳ እንዳይቀርባቸው ብዬ እኔው ሳልኩላቸው እኮ። ካንቺም አሳምሬ!

ምንታምር፦ አይቻታለሁ።

ጋሽ እንዳሻው፦ የት?

ምንታምር፦ ትናንት እማማ ፋጡማ ካርቶኑን ይዘው መጡ። ይኸው፣ ኪሴ ውስጥ ነው።

ጋሽ እንዳሻው፦ ፋጡማ፣ የቅሬ እድርተኛችን? እስቲ... አዎ፣ የኔ እጅ ናት። ታዲያ አታምርም?

ምንታምር፦ ጨረሮቿን ይቁጠሩልኝ።

ጋሽ እንዳሻው፦ የምን መቁጠር ነው ደግሞ! አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ሰባት። ምነው?

ምንታምር፦ የኔ ፀሐይ ስንት አላት?

ጋሽ እንዳሻው፦ እኔ ምን አውቄ። አንዳንዴ አንድ ታደርጊባታለሽ፣ አንዳንዴ ሁለት። ስትቸኩል ነው እያልኩ እስቅ ነበር። ጎደሎ መሰለችኝና ሞላሁላት።

ምንታምር፦ ጨረሩ የክኒኑ ቁጥር ነው ጋሼ። አንድ ጨረር አንድ ክኒን።

ጋሽ እንዳሻው፦ ምን አልሽ?

ምንታምር፦ የስኳር ክኒን ነው። ጠዋት ጠዋት አንድ ነበር የሚውጡት። ይቺን ሲያዩ ሐኪሙ የጨመረባቸው መስሏቸው ሰባት ዋጡ፤ ስኳራቸው ወርዶ ወደቁ።

ጋሽ እንዳሻው፦ የለም! ፋጡማ ምግብ ሳትበላ ውላ ነው የወደቀችው። እንዲያ ነው የተባለው! ሦስት ቀን ሆስፒታል ስትተኛ ከቅሬው ሰው ሁሉ ቀድሜ የጠየቅኳት እኔ ነኝ። ብርቱካን ይዤ! አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ «ሳትበዪ ለምን ትውያለሽ» ብዬ ተቆጥቻታለሁ እኮ።

ምንታምር፦ ነግረውኛል። እስካሁን ይመርቁዎታል።

ጋሽ እንዳሻው፦ ወይኔ ሰውዬው! ቁጥር መሆኑን ለምን አልነገርሽኝም አንቺ ልጅ?

ምንታምር፦ እሱ የኔ ጥፋት ነው። ከትናንት ጀምሮ የሚበላኝም እሱ ነው። ፈቃዴን ሰቅዬ፣ ቁልፉን ሰጥቼ ሄድኩ። ሐረር ላይ በር በሩን እያየሁ ደስ ሲለኝ እሳቸው እዚህ ወድቀዋል።

ጋሽ እንዳሻው፦ በቃ፣ አሁን አወቅሁ። አንድ ለአንድ። ከእንግዲህ አልሳሳትም። ፈቃዱ ባለበት ይቆይ።

ምንታምር፦ አሁንም ጋሼ?

ጋሽ እንዳሻው፦ ታዲያ ምን ልሁን? ይቺ ቤት ከተዘጋች እኔ ምን አለኝ? ጠዋት ተነስቼ የት ልሂድ? ጋሽ እንዳሻው ብሎ የሚጠራኝ ሰው ያለው እዚህ ባንኮኒ ላይ ብቻ ነው!

ምንታምር፦ እማማ ፋጡማ ምን ብለው እንደጠየቁኝ ልንገርዎት? «ልጄ፣ ሆስፒታል አንድ ብለውኛል፤ አንቺ ግን ሰባት ብለሽኝ ነበር። እኔ የማምነው ያንቺን ነው፣ ወደ ሰባቱ ልመለስ?» አሉኝ።

ጋሽ እንዳሻው፦ ምን አልሻት?

ምንታምር፦ አንድ ብቻ ይዋጡ አልኳቸው። እኔ አልሳልኳትም ግን አላልኩም። እንዴት ልበል? ፈቃዱ ላይ ያለው ፎቶ የኔ ነው።

ጋሽ እንዳሻው፦ እና አንቺ ነሽ ብላ ሄደች?

ምንታምር፦ ጉንጬን ስመው ነው የሄዱት። «አይዞሽ፣ ሰው ይሳሳታል» ብለው አጽናኑኝ። እኔን!

ጋሽ እንዳሻው፦ ውረጂ።

ምንታምር፦ ሳላወርደው አልወርድም ብያለሁ።

ጋሽ እንዳሻው፦ ውረጂ፣ እኔ ላውርደው። ምስማሩን የመታሁት እኔ ነኝ። አንቺ በሩ ላይ ያቺን የወፍጮ ቤቱን ጨረቃ ሳዪልኝ፣ ዝግ መሆናችንን ሁሉም ይወቅ። ሥዕሉ ላይ እኔ እጄን አላስገባም። ከዚያ ጎባሽ ሂጂ።

ምንታምር፦ እርስዎስ? ፈቃዱን አውርደው ደግሞ ኮት የሚለብሱት የት ሊሄዱ ነው?

ጋሽ እንዳሻው፦ ፋጡማ ቤት።

ምንታምር፦ ብርቱካን ልግዛልዎት?

ጋሽ እንዳሻው፦ አይ። ካርቶኑን ስጪኝ።