ክፉ ሰው የጠፋበት ድራማ

በኛ ጊዜ ልጅህ ዘፋኝ ሆነች ከተባለ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ያጽናናህ ነበር፤ እግዜር ያጥናህ፣ የቀሩትን ያሳድግልህ ይሉሃል፣ ልክ እንደ ሞተችብህ። ዛሬማ ምኑ ቅጡ! ዛሬ የዘፋኝ ዘመድ ያልሆነ ሰው ቆቦ ውስጥ ብትፈልግ አታገኝም። ስንዱን ታውቋታላችሁ አይደል? ያቺ ባጃጁ ሁሉ ፎቶዋን ለጥፎ የሚዞረው፣ ከዋጃ እስከ ጎብዬ ያለ እሷ ዘፈን ሰርግ የማይደምቀው? እህ፣ እሷን ነው የምላችሁ። ያን ስልክህን ወደኔ አስጠጋው ልጄ፤ ከሩቅ አትቅዳኝ፣ የምደብቀው የለኝም።

ታዲያ አንድ ክረምት ስንዱ ለሶለል፣ ለነሐሴው የልጃገረዶች በዓል፣ አገሯ ልትገባ ነው የሚል ወሬ መጣ፣ ከሄደች ስንት ዘመኗ፣ እና ከተማው አበደ። ወዲያው ኮሚቴ ተቋቋመ። ሊቀ መንበሩ ማን ሆነ? ካሣው! የስንዱ አጎት፣ የናቷ ወንድም። ኮሚቴው ተቀምጦ ምን አለ፣ የልጅነት ሕይወቷን ሙዚቃዊ ድራማ አድርገን መድረክ ላይ እናሳያት አለ። ሙዚቃዊ! ካሣው ይችን ቃል ሲላት አፉ ውስጥ እንደ ከረሜላ ነበር የሚያገላብጣት። ገበያ ላይ ሽንኩርት ሲገዛ እንኳ፣ "በሙዚቃዊው ምክንያት ጊዜ የለኝም፣ ቶሎ መዝኚልኝ" ይላል፤ ሰምቼዋለሁ።

አሁን መጀመሪያ እውነቱን ልንገራችሁና ከዚያ ድራማውን ስሙት፤ አለዚያ አይጥማችሁም።

ስንዱ እናት አባቷ በልጅነቷ ሞቱባትና ካሣው ቤት አደገች፣ ማደግ ከተባለ። እና ልጅቱ አፏ አያርፍም፤ ውሃ ስትቀዳ ትዘፍናለች፣ ማሽላ ጥበቃ ማማ ላይ ወጥታ ወፍ ስታባርር ትዘፍናለች፣ ወፉ ይሄዳል፣ ሰዉ ይሰበሰባል። ካሣው ታዲያ "ቤቴን የአዝማሪ ቤት አደረገችው!" ብሎ ደርግ በወደቀበት ክረምት፣ በሶለል ዋዜማ፣ አስቀምጦ ጸጉሯን በምላጭ ላጫት። ልብ በሉ! ለሶለል ሹሩባ ያልተሠራች ልጃገረድ ከደጅ አትወጣም። እኔ ጸጉር ሠሪ ነኝ፣ አውቀዋለሁ፤ ያን ቀን ራስን መላጨት እግርን በሰንሰለት ከማሰር ይብሳል።

እና የሺ መጣች። የሺ ጠላ ሻጭ ነበረች፣ ጎረቤቴ፣ ወዳጄ። ከደጋው ወርዳ እዚህ የቀረች ናት፣ ልጅ የላት፣ ዘመድ የላት። ምላሷን አታንሡት፣ ሰው ስትሳደብ ሰማዩ ይሰማታል፤ ሆዷ ግን ቅቤ ነው። የልጅቱን ለቅሶ ከአጥር ወዲህ ሰማችና ዘው ብላ ገብታ፣ ከራሷ ላይ ቢጫ ሻሿን ፈትታ አሰረችላት። "ተነሺ!" አለቻት፣ "ጸጉርሽን ነው እንጂ ድምፅሽን አልላጨውም!" እና ስንዱ በዚያ ሻሽ ወጣች፣ ሶለልን መራች፣ አገር ጉድ አለ። ከዚያ የሺ፣ እስቲ እዚያ ትዝፈን ብላ ወደ ፈንታው ሆቴል ወሰደቻት። ፈንታው ምን አለ? "ይቺ በራ እንግዳዬን ታሸሽብኛለች!" ብሎ ሁለቱንም ከደጁ ገፍትሮ መለሳቸው። የሺ ታዲያ የአንገት ድሪዋን ሸጣ፣ ልጅቱን እህል በጫነ መኪና ጋቢና አሳፍራ ደሴ ሰደደቻት። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሬዲዮው ነግሯችኋል። የሺ ግን የስንዱን ስም በሬዲዮ ሳትሰማ አረፈች። እኔ ነኝ ገንዤ የሸኘኋት።

ይኸው ነው እውነቱ። አሁን ወደ ኮሚቴው።

ድራማውን እንዲጽፍ የያዙት መምህር አንተነህ የሚባል ከጎጃም ተመድቦ የመጣ አስተማሪ ነው፣ ጨዋ ልጅ፣ ሰው ሲናገር አንገቱን ደፍቶ የሚሰማ። እኔን ደግሞ የተጫዋቾቹን ጸጉር ትሠራለች ብለው ጠርተውኝ ጥግ ተቀምጫለሁ። እና ያ መምህር "በሉ እናንተ የምታውቋት ንገሩኝ፣ ልጅነቷ እንዴት ነበር?" አላቸው። ወይ ጉድ! ምነው ባልጠየቃቸው!

ካሣው ተነሣ፣ ኮቱን ቆለፈ። "ጻፍ!" አለው። "ማሲንቆ የገዛሁላት እኔ ነኝ። ዝፈኚ የኔ ልጅ፣ ዓለም ይስማሽ ብዬ የመረቅኋት እኔ ነኝ። እንባ ባይኔ ሞልቶ፣ እሱንም ጻፈው።"

ፈንታው ተነሣ። "የመጀመሪያ መድረኳ የኔ ሆቴል ነው" አለ። "ጥብስ አብልቼ፣ ለስላሳ ከፍቼ፣ ልጄ ይቺ ቤትሽ ናት ብያለሁ።"

ሌላው ተነሣ፣ ጫማ ገዝቻለሁ አለ። ሌላው ተነሣ፣ ትልቅ ሰው እንደምትሆን በሕልሜ አይቻለሁ አለ። ሕልሙን የሚመሰክርለት የለ፣ ምን ይደረግ፣ ተጻፈለት።

መምህሩ ጻፈ፣ ጻፈ፣ ከዚያ ብዕሩን አስቀመጠና፣ "ታዲያ ጋሼ፣ ሁላችሁም ይህን ያህል ከረዳችኋት፣ ልጅቱ ለምን ከቆቦ ጠፋች?" አለ።

እርስ በርስ ተያዩ። ኋላ ካሣው ጉሮሮውን ጠረገና "ናፍቆት ነው" አለ።

"የምን ናፍቆት?"

"የአዲስ አበባ።"

"አይታው ታውቃለች እንዴ?"

"ስላላየችው ነዋ የናፈቃት!"

መምህሩ "እንዲህ አይሆንም" አለ። "ድራማ ያለ ክፉ ሰው አይቆምም፤ የሚያሳድዳት ሰው ያስፈልጋል።" እና አያችሁ፣ ክፉ ሰው ፍለጋ አጀንዳ ሆነ! ፖሊስ ይሁን ሲሉ የፖሊሱ ወንድም እዚያው ተቀምጧል። ነጋዴ ይሁን ሲሉ ለድንኳኑ የሚያዋጡት ነጋዴዎቹ ናቸው። ከተማው ሁሉ ደግ ሆኖ አረፈው! በመጨረሻ ፈንታው ጣቱን አነሣና፣ "የሺን እናድርጋት" አለ። "ጸጉሯን የላጨቻት ጠላ ሻጯ ናት እንበል። እንደሁ ምላሷን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ደግሞ ሞታለች፣ ዘመድ የላት፣ ማን ይቆጣናል?" አጨበጨቡ፣ እናንተ ሰዎች! አጨበጨቡ!

ከጥጌ ብድግ አልኩና፣ "አንተ ካሣው! ያን ምላጭ የያዘውን እጅህን እኔ አላየሁም? የሺ እኮ ናት ለልጅቱ የደረሰችላት!" አልኩ። ካሣው አየኝ፣ ሳቅ አለና፣ "ተዋቡ፣ አንቺ ጸጉርሽን ሥሪ፤ ታሪኩን ለኮሚቴው ተዪ" አለኝ።

እሺ አልኩ። ጸጉር ልሥራ ካልክ ልሥራ።

ከዚያ መምህሩ፣ "መጨረሻው ላይ ሶለል አለ፣ ግጥሙን ማን ይጻፈው?" ብሎ ጠየቀ። ካሣው፣ "ሶለል ደግሞ ምን ይጻፋል! ልጆቹ ከናቶቻቸው ለምደውታል፣ የለመዱትን ይበሉ፤ ግን መድረክ ላይ አይቅሩ፣ ወርደው እኛን ከፊት የተቀመጥነውን ያወድሱን" አለ። እኔ አንገቴን ደፋሁ፣ ሳቄ እንዳይታይብኝ። የሶለልን ደንብ ታውቁታላችሁ፤ ልጃገረዶቹ ፊትህ ቆመው የፈለጉትን ይሉሃል፣ ቢያወድሱህም ቢሸነቁጡህም ፈገግ ብለህ ትሰጣለህ እንጂ ተቆጥተህ አትነሣም፤ የተነሣ ሰው ዕድሜ ልኩን መሳቂያ ነው። ካሣው ይህን አጥቶት አይደለም። ማን ደፍሮ ይሸነቁጠኛል ብሎ ነው።

እና ልጆቹ ሹሩባ ሊሠሩ አንድ በአንድ ቤቴ መጡ። ጸጉር የምትሠራ ልጅ ራሷ ጉልበትህ ላይ ነው፣ የት ትሄዳለች? እየጎነጎንኩ የየሺን ነገር ነገርኳቸው፣ እየጎነጎንኩ ግጥሙን አስያዝኳቸው። አንዷ "እማማ፣ ጋሽ ካሣው አይቆጣንም?" አለችኝ። "በሶለል? ይቆጣና ጉዱን እንየው!" አልኳት።

ቀኑ ደረሰ። ከቀትር በኋላ የትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ድንኳን ተጥሎ ሕዝቡ ግጥም ብሏል። ስንዱ መጣች፣ ጥቁር መነጽር አድርጋ፣ የሐር ሻሽ አስራ። ካሣው በቀኝ፣ ፈንታው በግራ፣ መሐል አስገቧት። ድራማው ተጀመረ። ካሣውን ሆኖ የሚጫወተው ልጅ ማሲንቆ ታቅፎ ያለቅሳል፣ "ዝፈኚ የኔ ልጅ!" እያለ፤ እውነተኛው ካሣው ደግሞ ወንበሩ ላይ ሆኖ አብሮት ያለቅሳል፣ መሀረቡን አውጥቶ! ፈንታውን የሆነው ጥብስ ይዞ እየጨፈረ ገባ። የስንዱ ጥርሷም አይታይ፣ ዓይኗም አይታይ።

ከዚያ የሺ ወጣች። የሺን የምትጫወተውን ልጅ ጥርሷን በከሰል አጥቁረውባታል፣ ምላጭ አስይዘዋታል፣ "ሃ ሃ ሃ! እላጭሻለሁ!" እያለች ትዞራለች፣ ኦርጋኑ ድም ድም ይላል። ሕፃናቱ "ሌባ! ሌባ!" ብለው ጮኹባት። የኔ የሺ! ያቺ ድሪዋን የሸጠች! ስንዱን አየሁ። መነጽሯን አወለቀች። "ይቺ ማን ናት?" ብላ ካሣውን ስትጠይቀው ሰማኋት። ካሣው፣ "ለሙዚቃዊው ያህል ነው ልጄ" አላት።

ወዲያው ከበሮው ተመታ። ልጆቼ ሶለል እያሉ ከመድረክ ወረዱ፣ ሹሩባቸው እያበራ፣ ቀጥ ብለው ካሣው ፊት ቆሙ። ካሣው ደረቱን ነፋ። እና አወጣችው መሪዋ፦

እንኳን ደህና ቆየህ ጋሽ ካሣው ጌታዬ፣
የላጨኸው ጸጉር በቀለ በላዬ።

የካሣውን ፊት ባያችሁት! ፈገግታው ፊቱ ላይ ደርቆ ቀረ፣ ማጥፋት አይችል፣ ደንብ ነው። አንዲት ባልቴት ከኋላ "እሰይ!" አለች፣ ከዚያ ሜዳው ሁሉ ተቀበለ። ካሣው ብር አውጥቶ ግንባሯ ላይ ለጠፈ። ልጆቹ ወደ ፈንታው ዞሩ። ፈንታው ገና ሳይደርሱበት ኪሱን ይዳብሳል፦

ትናንት ከደጁ ላይ ገፍቶ አባረራት፣
ዛሬ ከግድግዳው በምስማር ሰቀላት።

የስንዱን ፎቶ ሆቴሉ ውስጥ በር የሚያህል አድርጎ ሰቅሏል እኮ! ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ከበሮው ቀስ አለና ልጆቹ ስንዱ ፊት ቆሙ፦

ከራሷ ላይ ፈትታ በሻሽ ሸፈነችኝ፣
እናት አልነበረኝ፣ የሺ እናት ሆነችኝ።

ስንዱ ተነሣች። ማይኩን ከመምህሩ እጅ ተቀበለችና ትዘፍናለች ብለን ስንጠብቅ፣ "የሺ የት ነው የተቀበረችው?" አለች።

አሁን ይኼን ስሙ። ካሣው ብድግ! "ያስቀበርኳት እኔ ነኝ!" አለ። ፈንታው ብድግ! "ሳጥኑን የገዛሁት እኔ ነኝ!" አለ። ጫማ ገዝቻለሁ ያለውም ተነሣ፣ ተሸክሜያታለሁ አለ። የሺን ክፉ ሰው እናድርጋት ሲባል ያጨበጨቡት እነዚሁ ሰዎች እኮ ናቸው! ስንዱ፣ "ደግ፣ እንግዲያው ምሩኝ" አለች።

እና ሄድን፣ ሕዝቡ በሙሉ፣ ከበሮው ከኋላ። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ስንደርስ ካሣው ወደ ቀኝ ታጠፈ፣ ፈንታው ወደ ግራ። ካሣው አንዱን ሲሚንቶ መቃብር ይዞ፣ "እቺ ናት! እኔ ነኝ ያሠራሁላት!" ብሎ ጮኸ። መምህሩ ጠጋ ብሎ ድንጋዩን አነበበና፣ "ጋሼ፣ ይህ እኮ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ነው" አለው። ፈንታው በወዲያ በኩል እስካሁን ቅጠል እየገለጠ ይፈልጋል። እኔ አጥሩ ጥግ፣ ድንጋዩን ራሴ ከከመርኩበት ቦታ ሄጄ ቆምኩ። ስንዱ ሁለቱን አየች፣ አየች፣ ኋላ እኔን አየችኝ። ቀስ ብላ መጣች።

"እትዬ ተዋቡ፣ እዚህ ናት?"

"እዚህ ናት ልጄ።"

የሐር ሻሿን ከራሷ ፈታች፣ ጸጉሯ ትከሻዋ ላይ ወደቀ፣ ሻሹን በድንጋዩ ላይ አለበሰችው፣ አራት ማዕዘኑን በጠጠር አስያዘችው። ከዚያ ተንበርክካ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ፣ መምህሩም ፊቱን አዙሮ አለቀሰ። ያን ድራማ ሁለተኛ ማንም አላነሣው።

"ካሣውስ እማማ? አላፈረም?" ነው ያልከኝ፣ ባለ ስልኩ?

ካሣው? ካሣው ያፍራል? አሁን ተነሣና ሂድ፣ ቤቱ በረንዳ ላይ ታገኘዋለህ፣ ጠይቀው። "ያን የላጨኸው ጸጉር የሚለውን ግጥም ለሳቅ ብዬ ያስገባሁት እኔ ነኝ" ይልሃል። ዝም ብለህ ከሰማኸው ደግሞ ወደ ጆሮህ ጠጋ ብሎ፣ "የሺ ያሰረችላትን ቢጫ ሻሽም የገዛሁት እኔ ነኝ" ይልሃል! ኪ ኪ ኪ! እኔም ስሞት ሬሳዬን ቀድሞ የሚሸከመው እሱ ነው፤ ስለዚህ ልጆቼ፣ ከሰዉ ሁሉ ፊት፣ ገፍትሩልኝ።