አሻራዬን ያልሰጠሁበት እርቅ

ዳባት መናኸሪያ የደባርቅ ሚኒባስ ስጠብቅ የደብራችን መሪጌታ ሕሩይ ከኋላዬ መጥተው በመቋሚያቸው ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። ፊደል ባልቆጥርም፣ የያዙትን ወረቀት ሳይ ለምን እንደመጡ ገባኝ።

የምሄደው ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ነው። ልጄ ደርቤ በሰሜን ተራሮች የቱሪስት ጓዝ በበቅሎ ያጓጉዝ ነበር። ወድቆ እግሩ ሲሰበር፣ ደባርቅ ካለ አንድ መድኃኒት ቤት ትራማዶል የሚሉትን ማስታገሻ ያለ ሐኪም ወረቀት ሸጡለት። እግሩ ዳነ፤ ክኒኑ ግን አልለቀቀውም። ሲያጣው ይንቀጠቀጣል፣ ሲያገኘው ይፈዛል። አሁን ሆስፒታል ተኝቷል፤ የሁለት ጎረቤቶቼ ልጆች ግን አፈር ገብተዋል። የታሰረችው ሻጯ ሸጊቱ ብቻ ናት። መድኃኒት ቤቱም፣ ክኒኑ የሚመጣበት የጎንደር መጋዘንም የአቶ ዋሴ ነው። እሱም እንዲከሰስ ዐቃቤ ሕጉ የአራት እናቶችን ቃል ይጠብቃል፤ አንዷ እኔ ነኝ።

መሪጌታ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጡና ስለ እርቅ ደግነት ብዙ አወሩኝ። አቶ ዋሴ ወደ እኔ ሽማግሌ መላኩ ትሕትና ነው፣ የደብሩን ጣራ ቆርቆሮ ያለበሰ ሰው ነው፣ አሉ።

“ቆርቆሮውን ማን ይንቀል አለ?” አልኳቸው። “ጣራ የሰጠ ዳኛ ፊት አይቆምም የሚል ቅዳሴ ካለ ግን አንቱ ያውቁታል፤ እኔ ሰምቼ አላውቅም።”

ከፊታችን የተቀመጠው ሰው ሳቁን ዋጠ። መሪጌታ ሻሻቸውን አስተካከሉ።

“አንቺ ጥሩዬ፣ ምላስሽ መቼም አይደክመው። ዋሴ በልጅሽ አፍ ውስጥ ክኒን ጨምሯል? ደርቤ በገዛ እጁ ነው የዋጠው።”

“አዎ፣ ዋጠ። በቅሎዬንም ሰርቆ ሸጦብኛል፤ ይህንንም ከዳኛ አልደብቅም። ግን አንድ ነገር ይመልሱልኝ። ጊች መንደር የያርጋል በሬ ሰው ወግቶ የገደለ ጊዜ ማን ላይ ፈረዱ? እረኛው ላይ?”

 ያንን ነገር አገር ያውቀዋል። በሬው ተዋጊ እንደሆነ ጎረቤት ሁሉ ለያርጋል ነግሮት ነበር፤ ቀንዱን ቁረጠው ቢሉት እንቢ አለ። ሽማግሌዎቹ እረኛውን ነጻ ብለው ባለቤቱን ካሣ አስከፈሉት። ፈራጁ እኚሁ መሪጌታ ነበሩ።

“የዚያ በሬ ባለቤት ያውቅ ነበር፤” አሉኝ ቀስ ብለው።

“ይህስ? ሸጊቱ ለፖሊስ እንደተናገረችው፣ ልጆቹ እየተጎዱ ነው ብላ ስልክ ስትደውልለት፣ ሁለት እጥፍ ካርቶን ነው የላከላት። የእሱ እረኛ እሷ ናት። ለመሆኑ ያችን ወረቀት አንብበዋታል?”

የዋሴ ሰው ነው የሰጠኝ፣ እርቅ መሆኑን ነግሮኛል፣ አሉ። እንግዲያው ያንብቡልኝ አልኩ። ዓይናቸውን አጥብበው ጀመሩ። ልጄ በራሱ ፈቃድ ወሰደ፣ በባለቤቱ ላይ ክስም ምስክርነትም አላቀርብም፣ በአሻራዬ አረጋግጣለሁ፣ ይላል። ስለ ሸጊቱ አንድ ቃል የለም። ይቅርታ የሚል ቃልም የለበትም።

“ይቅር በሉኝ ሳይል ምን ብዬ ልታረቀው?” አልኩ።

መሪጌታ ወረቀቱን አጠፉት። ሀብታም በተነካ ቁጥር መድኃኒት ከአገር ይጠፋል ብለው ሌላ ምክንያት ሞከሩ። እኔም የደም ግፊት ክኒን የምውጥ ሰው ነኝና ይህን ፍራቻ አልናቅሁባቸውም። ነርሷን ሲስተር እስከዳርን ጠይቄ የተረዳሁትን ነገርኳቸው፦ ማስታገሻው ራሱ ክፉ አይደለም፤ በሐኪም ወረቀት፣ በልኩ ሲሰጥ ሕመምተኛ ያሳርፋል። የምንከሰው መድኃኒቱን ሳይሆን እያወቀ እንደ ቆሎ የበተነውን ሰው ነው።

እንደ ቆሎ ስል መሪጌታ ደነገጡ።  ደባርቅ ስንወርድ ክንዴን ይዘው አቆሙኝ።

“ጣራው በተመረቀ ቀን አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። የደባርቅ ልጆች ክኒኔን እንደ ቆሎ ይቆረጥሙታል ብሎ ሲስቅ ሰምቼዋለሁ። እኔም አብሬው ሳቅሁ፤ ጨዋታ መስሎኝ።”

“ታዲያ የሰሙትን ይናገሩዋ።”

“ያሰራውን ጣራ ተጠልዬ?”

“የሚጠለሉት የእግዚአብሔርን ቤት ነው፤ የዋሴን አይደለም።”

ሦስቱ እናቶች ከዐቃቤ ሕጉ ቢሮ ደጅ ቆመው ነበር። መሪጌታ እርቁን ይዘው እንደመጡ ሳይደብቁ ነገሯቸው፤ ቀጥሎም ወረቀቱ ምን እንደሚል አንብበውላቸው፣ ይህን ሽምግልና ትቻለሁ አሉ። ከዚያ ቀድመውን ገብተው ምስክርነታቸውን ሰጡ። እኛም ተከትለን ቃላችንን ሰጠን፤ አቶ ዋሴም ተከሰሰ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተስተካክሏል። መጋዘኑ ታሽጓል፤ ያ ክኒን ያለ ሐኪም ወረቀት አይሸጥም። ሸጊቱ በዋስ ወጥታ በራሷ ጥፋት ብቻ ትጠየቃለች። በእኛ ደብር ደግሞ ሽማግሌ የእርቅ ወረቀት ሲይዝ በቅድሚያ ለተበዳዩ ጮክ ብሎ ያነባል፤ የሕዝብ ጉዳት ያለበት ነገር ዳኛ ሳያየው በእርቅ አይዘጋም። ደርቤም ሳይንቀጠቀጥ ማንኪያ ይዞ መብላት ጀምሯል። እናንተም ሀብታም ሽማግሌ ሲልክባችሁ አታፍሩ፤ አስነብቡ፣ ጠይቁ።

ክሱ በተሰማ ቀን ከፊት ወንበር ተቀመጥኩ። አቶ ዋሴ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ገባ። ዳኛዋ ስሙን ጠሩ፤ መጀመሪያ ከወንበሩ አልተነሣም። ደግመው ጠሩት። ተነሥቶ ቆመና፣ እንደ ማንኛውም ሰው፣ “አቤት” አለ።