ተጋድሞ የቀረው ገጽ

ከመካነ ሰላም ወደ ደሴ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ትልቅ ካርቶን ያቀፉ የአብነት መምህርና አንዲት ወጣት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እኔ ከኋላቸው ጆሮዬን ጣልኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ የቀረኝ ሥራ እሱ ነው።

«የኔታ፣ ቴሌቪዥን ነው?»

«የኮምፒውተር ስክሪን ነው፣ ልጄ። ዓይኔ ቢደክም መጽሐፉን ፊደሉ ጎልቶ እንዳነብበት ነበር የገዛሁት። ለሻጩ ልመልሰው ነው።»

«ምነው፣ ተበላሸ?»

«በአግድሙ ገጹ አልበቃ ብሎ፣ በቁሙ ይዞራል ብለውኝ አዞርኩት። ስክሪኑ ቆመ፤ ጽሑፉ ግን ተጋድሞ ቀረ።»

«ታዲያ እንዴት አነበቡት?»

«መደብ ላይ በጎኔ ተኝቼ! ተማሪዎቼም አንገታቸውን አጋደሙ። እንዲህ ከሆነ ማስተማሬም መቅረቱ ነው።»

«አብሽሩ፣ የኔታ! ወላሂ አልተበላሸም። ጅዳ የሠራሁበት ቤት እንዲህ ያለ ስክሪን ነበር። ስክሪኑን በእጅዎ ካዞሩ በኋላ፣ ምስሉን ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ ሴቲንግ ገብተው ያዞሩታል።»

«ሁለቴ ነዋ የሚዞረው?»

«ሁለቴ!»

«ዕድሜ ይስጥሽ፣ ልጄ! ሾፌር፣ ወራጅ አለ! ተማሪዎቼ ጋ ልመለስ!»

እኔ ሽማግሌው ወሬውን ስሰማ አንገቴን አጋድሜ መቆየቴን ያን ጊዜ አወቅሁና፣ ማንም ሳያየኝ ቀስ ብዬ አቃናሁት።