ለቅሶ የሌለበት ድንኳን

በዚያ ዓመት በልጉ ቀረ። ክረምቱ ዘግይቶ መጣ፤ መጥቶም ሳይሰነብት ሄደ። ማሽላው ከጉልበት ሳያልፍ ደረቀ፤ ከብቱ አለቀ። የአርዲቦ ሐይቅ ዳርቻ ሰው ዛፍ ቆርጦ፣ ከሰል አክስሎ፣ ደሴ ሰኞ ገበያ ወስዶ ሸጠና በላ።

ይህ ከሆነ ሃያ ዓመት አለፈ። አሁን ደግሞ ከሰል ነጋዴዎች የተረፈውን ደን እንቁረጥ ብለው መንደሩን ጠይቀዋል። መልሱ ለጁምዓ ነው። ከሁሉ የሚሰማው የሼህ ጀላል ቃል ሲሆን የእሳቸውም ልብ ወደ መቁረጡ አዘንብሏል፤ የቤታቸው ክዳን ያፈሳልና በድርሻቸው ሊያሠሩት አስበዋል።

እሁድ ጠዋት ሼህ ጀላል ከዛፎቹ ሥር ሦስት ድንኳን ተተክሎ አዩ። ሐይቁ ሰው በላ ብለው ደነገጡ። ነጠላቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው ሊያጽናኑ ወረዱ። ደርሰው ቢያዩ ስምንት ልጃገረዶች እንቁላል እየጠበሱ ይሳሳቃሉ።

«አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ ያጥናችሁ። ማን ነው የሞተው?»

አንዷ ሻሿን አስተካክላ ተነሣች። «ወዐለይኩሙ ሰላም አባባ። የሞተ የለም። ፋኢዛ እባላለሁ። ኮምቦልቻ ፈትል ፋብሪካ ነው የምንሠራው። ስድስት ቀን የጥጥ ብናኝ ስንስብ ከርመን ንጹሕ አየር ፍለጋ መጣን።»

«ቤት የላችሁም?»

«አለን፤ ስምንታችን በሁለት ክፍል።»

«ቤት ያለው ሰው ዱር አያድርም። እኛ ዱር ያደርነው ክፉ ቀን አባሮን ነው። እናንተ በደኅና ቀን ስደት ትጫወታላችሁ።»

«ስደተኛ መመለሻውን አያውቅም፤ እኛ ግን ማታ ፈረቃ አለብን» አለች ፋኢዛ።

«በፊት የመጡት ጠርሙስ ሰብረው ሄዱ። የላሜ እግር ተቆረጠ።»

«እውነትዎን ነው። እንደነሱ ያለውን ያባሩ።» አንድ ማዳበሪያ ከፍታ አሳየቻቸው፤ በስባሪ ተሞልቷል። «ጠዋት የለቀምነው ነው።»

«መጸዳጃችሁስ?»

«ከውሃው ርቀን ቆፍረናል። ስንሄድ እንደፍነዋለን።»

ሼህ ጀላል ሄደው አዩ። ወሬ ሰምተው የሚያምኑ ሰው አይደሉም። ጉድጓዱ ጥልቅ ነው፤ አፈሩም ከጎኑ ተከምሯል። «ከመንደራችን ትሻላላችሁ» አሉ። ይህ ደግሞ ሐሰት አልነበረም፤ መንደሩ በዚህ ነገር ሰነፍ ነው።

«ቢሆንም ጥላ አይበላም፤ ከሰል ይበላል።»

«ከሰል አንዴ ይበላል አባባ። የመንደርዎን ሴት ነጂባን ይጠይቋት፤ ዓሣ ጠብሳ ሸጠችልን። በሚቀጥለውም እንመጣለን። ደኑ ከተቆረጠ ምን ልናይ እንመጣለን? ድንጋይ? ድንጋይማ ኮምቦልቻም አለ።» ከዚያ ወደ ማዶ እያየች «ያ ተዳፋት ምነው ተላጨ?» አለች።

ሼህ ጀላል በከዘራቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ።

«እኔ ነኝ የላጨሁት። ሰባት ወይራ ነበረበት። ልጆቼ ተርበው ቆረጥኩት።»

«ነፍስ ይበልጣል። አላህ ይምራል።»

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። መጥረቢያውን ሳነሣ፣ ዝናብ ከሰጠኸኝ በአንዱ ፈንታ ሁለት እተክላለሁ ብዬ ተሳልኩ። ዝናቡ መጣ። እኔ፣ ወይራ ለማን ዕድሜ ያድጋል እያልኩ ቀረሁ።»

ፋኢዛ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ስለት ዕዳ አይደለም እንዴ አባባ? ያኛውን ሳይከፍሉ ሌላ ሊቆርጡ?»

ሽማግሌው ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ። ዓይናቸው ግን ወደ ተላጨው ተዳፋት ሄደ። እውነት ስትመጣ የመልእክተኛዋን ዕድሜ መጠየቅ ከንቱ ነው።

ጁምዓ ከሶላት በኋላ ተነሡ።

«ደኑ አይቆረጥም። ማደር የፈለገ ይምጣ፤ ሥርዓት ግን ይኑረው። ጉድጓድ ሳይቆፍር የሚያድር፣ ቆሻሻውን ጥሎ የሚሄድ ይመለስ። ሴቶቻችን ምግብ ይሽጡ፤ ወጣቶቻችን ይጠብቁ፣ መንገድ ይምሩ። ዛፉ ቆሞ ያበላናል፤ አፈራችንም በጎርፍ ታጥቦ ሐይቅ አይገባም።»

«የቤትዎ ክዳንስ?» ብሎ አንዱ ነካቸው።

«ማፍሰሱን ለምጄዋለሁ» አሉ።

በሐምሌ እነፋኢዛ አካፋ ይዘው መጡ። ሼህ ጀላል ጉድጓድ አስቆፈሯቸው፤ ችግኝ ግን አላስነኩም። «ስለቱ የእኔ ነው» ብለው በካፊያው እየተንበረከኩ አሥራ አራት ወይራ ተከሉ። የመጨረሻውን አፈር በመዳፋቸው ጠቅጥቀው ጭቃ የነካ እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ።

«ያ ረቢ፣ ዘገየሁ እንጂ አልካድኩም።»