በባዶ እጅ የተጠረገ ደም

አንድ ሰኞ ጠዋት መኪናዬ መንገድ ላይ ቀጥ ብትልብኝ ክሬን ጠራሁ። ክሬኑን እየነዱ የመጡት የድሮ ጎረቤታችን ጋሼ ሆነው አገኘኋቸው። ደስ ብሎኝ ሰላም ስላቸው ዓይኔ መዳፋቸው ላይ ቀረ። በመስታወት ተቆራርጧል፤ ጥፍራቸው ሥርም የደረቀ ደም አለ።

የማን ደም እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ ቅድም ከገደል ካወጡት መኪና መሆኑን ነገሩኝ። እኔ ደግሞ የጤና ጣቢያ ደም መርማሪ ነኝና ዝም ማለት አልሆነልኝም፤ ጋቢና ውስጥ ጎናቸው ተቀምጬ መከራከር ጀመርኩ። ጋሼ ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ የሟች ቤተሰብ መኪናውን ሊያይ ከመምጣቱ በፊት፣ መቀመጫውን በባዶ እጃቸው ሲጠርጉ ኖረዋል። ለደግነታቸው ቃል የለኝም፤ ግትርነታቸው ግን ያናድዳል።

«በጓንት ስነካው የተጸየፍኩት ይመስላል። ሟችም እኮ ሰው ነው፣ ልጄ» አሉኝ።

«ያክብሩት፣ ማን ከለከለዎት? ግን ደሙ የጉበት ቫይረስ ቢኖረውስ? ደርቆ እንኳ ሳምንት ይቆያል። በዚህች በተቆረጠች ጣትዎ ይገባል፤ ከዚያ በምላጭም በመኝታም ባለቤትዎ እትዬ ጋ ይደርሳል። ዓይን ቢጫ እስኪሆን፣ ሆድ እስኪነፋ ድረስ ላያስታውቅም ይችላል።»

ጋሼ ክሬኑን ዳር አስይዘው አቆሙ።

«እሱን የሚያመጣው መጠጥ አይደለም እንዴ?»

«መጠጥም ያመጣል። ጠብታ ያልቀመሰ ሰውም ግን በቫይረሱ ይሞታል።»

ያኔ ነው ስለ ባልደረባቸው የነገሩኝ። ሃያ ዓመት አብሯቸው የሠራው ጓደኛቸው ዓምና እንዲያ ሆኖ ሞቷል። አልጠጣም ብሎ ቢምልላቸውም አላመኑትም፤ ደብቆ ይጠጣል ብለው እንዳኮረፉት ተቀበረ።

«ከጎኔ ሆኖ የሚጠርገው እሱ ነበር» አሉና አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ።

መኪናዬ ከኋላ እንደተንጠለጠለች በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያው ሄድን። ቫይረሱ ጋሼ ደም ውስጥ ተገኘ። የእትዬ ግን ንጹሕ ስለነበር ክትባቱን ጀመሩ። ጋሼም በሐኪም ክትትል ጉበታቸውን እያተረፉ ነው። ዛሬ በመሥሪያ ቤታቸው ያልተከተበ የለም፤ ያለ ጓንት ደም የሚነካ የለም፤ የተቆረጠ ሰውም ወዲያው በሳሙና ታጥቦ ወደ ሐኪም ይሄዳል። ሟቾቹም ክብራቸው አልጎደለም፤ መቀመጫው አሁንም ይጠረጋል።

በምርመራው ዕለት ከሰዓት በኋላ ግን፣ ጋሼ የጓደኛቸው ሚስት ቤት ይዘውኝ ሄዱ። እንድትመረመር ሊነግሯት ነበር። በሩን ስትከፍት ስለ ምርመራው ማንሳት አቃታቸው።

«ባልሽ አይጠጣም ነበር» አሏት። «በድዬዋለሁ።»

እሷም ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች።

«እኔም እኮ አላመንኩትም ነበር» አለች።