ቦርሳ የሚጠብቁት እናት

ቀስ… ቀስ እያልሽ ግቢ እህቴ። መጀመሪያ እግርሽን ብቻ። ድንገት ዘው ካልሽበት ልብ ያቆማል። መደገፊያ ብረቱን ያዢው፣ ሦስተኛው ደረጃ ያዳልጣል። ጎሽ! ነይ እዚህ ጋ ተቀመጪ፣ ቦታው ለሁለት ይበቃል።

ሽታው ነው? የድኝ ነው፤ የከረመ እንቁላል ይመስላል አይደል? ትንሽ ታገሺው፣ አሁን ይጠፋል። እሱ እንኳን አይጠፋም፣ አፍንጫሽ ነው የሚለምደው። ሰው የማይለምደው ምን ነገር አለ ብለሽ ነው…

ብቻሽን ነው የመጣሽው? እኔ ከእናቴ ጋር ነኝ። ያቻትልሽ በመስታወቱ ማዶ፣ ትንሿ ገንዳ ውስጥ። ነጭ የዋና ቆብ ያጠለቀችው። አስተናጋጇ ክንዷን ይዛ እያራመደቻት ነው፤ ጉልበቷን ልታሠራላት። ግማሽ ሰዓት ብቻዋን ትሁን ብለው እኛን ወደዚህ አባረሩን። አየሽ እጇን ስታውለበልብ? እኔን ብቻ እንዳይመስልሽ፣ ላለፈ ላገደመው ሁሉ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ሕፃን ሆናልሻለች።

ማን? ያቺ ጥግ ላይ ፎጣ ጠምጥማ ዓይኗን የጨፈነችው? እሷም ከኛው ጋር ናት። ተኝታለች መሰለኝ። ተያት፣ ትረፍ። ድምፃችንንም መቀነስ የለብንም፤ ሕሊናው ንጹሕ የሆነ ሰው እንቅልፉ ከባድ ነው ይባል የለ?

እኔ የምልሽ… አንቺ ደግ ዘመድ አለሽ? ማለቴ የምር ደግ። እኛ አንዲት አለችን። በጋብቻ የመጣችልን፤ እግዜር መርቆ የሰጠን። ስሟን አልነግርሽም፣ መልካም የሠራ ሰው ስሙ ሲነሳ ያፍራል። እኔም ሰው ማማት አልወድም። ሐሜት ስለ መጥፎ ሰው ነው፤ እኔ የማወራሽ ስለ ደግ ሰው አይደል እንዴ?

እማዬ ሠላሳ ዓመት የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ነበረች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንፋሎት ውስጥ ቆማ የማታውቀውን ሰው አንሶላ በፍል ውሃ ስታጥብ ኖራ፣ ጡረታ በወጣች በሁለተኛው ዓመት ጉልበቷ እምቢ አለ። ደረጃ መውጣት ቀረ። ከወንበር ስትነሳ ከንፈሯን ትነክሳለች፣ እኛ እንዳንሰማ። ሐኪሙ «ፍል ውሃ ውሰዷት፣ አንድ ሳምንት ትንከር» አለን። የሚወስዳት ሲጠፋ ደግሞ ታውቂያለሽ። ወንድሜ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ መንገድ ላይ ነበር። እኔ አስተማሪ ነኝ፣ ፈተና ላይ ነበርን። አዎ… ፈተና። ፈተና በየዓመቱ አለ፣ እናት ግን አንድ ናት፤ ይህን አሁን ነው የማውቀው። ያኔ ግን ፈተና ላይ ነበርን።

ታዲያ ያቺ ዘመዴ ብድግ ብላ «እኔ እወስዳታለሁ!» አለች። ማንም ሳይለምናት! ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል እሰማ ነበር፤ እሷ ግን እያሳሳቀች ወደ ውሃ ወሰደችልን።

ሰባት ቀን ቆይተው መጡ። አቤት ያንን ቀን! ፊቷ እንዴት አብርቶ፣ ቆዳዋ እንዴት ለስልሶ… የዘመዴ ነው የምልሽ። እማዬማ እንደሄደች ነው የመጣችው፣ ያው አርጅታለች፣ ቶሎ አይታይባትም አልን። ፎቶ አሳየችን። ዘመዴ ውሃ ውስጥ፣ ዘመዴ ጭቃ ተቀብታ፣ ዘመዴ ነጭ ጋቢ የመሰለ ፎጣ ለብሳ ብርጭቆ ይዛ። «እማዬስ የታለች?» አልኳት። «በእርጥብ ልብስ ፎቶ መነሳት ነውር ነው ብላ እምቢ አለችኝ» አለች። እውነቷን ነው፣ እማዬ እንደዚያ ትላለች። አንዱ ፎቶ ጥግ ላይ ብቻ የሰው አውራ ጣት ገብቷል። ጥፍሩ ለሁለት የተሰነጠቀ አውራ ጣት፤ እማዬን የማጠቢያው ማሽን ክዳን የመታት ጊዜ እንደተሰነጠቀባት ያለ። አየሁት እኮ! አይቼ አለፍኩት። ሰው ደስ ሲለው ጣት አይቆጥርም።

ቤተሰቡ ተሰበሰበ። አጎታችን ተነስቶ ቆሞ አመሰገናት። «ሰው ማለት እንዲህ ነው!» አለ። ተጨበጨበ። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረና «አንቺስ? የሆዷ ልጅ ሆነሽ ምን አደረግሽላት?» አለኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ እህቴ። መሬት ብትከፈት ደስ ይለኝ ነበር። ተነስቼ ዘመዴን ሁለት ጉንጯን ሳምኳት፤ «የሠራሽውን እግዜር ይይልሽ» አልኳት። እሷም አንገቷን ደፋች። አንገቱን የደፋ አገር ያጠፋል የሚሉት ምቀኞች ናቸው፤ የሷ እንኳን ትሕትና ነው።

እማዬም ምስጋናው ላይ አልሰሰተችም። «ውሃው ሐር ነው፣ ሐር! ስትገቢበት አጥንትሽ አንድ በአንድ ይፈታል። ስትወጪ ሰውነትሽ አይከብድሽም፣ ልትበሪ ነው የሚመስልሽ» ትላለች። ለጎረቤት ነገረች፣ ለመድኃኒት ቤቱ ልጅ ነገረች። ዓመቱን ሙሉ እኔ ማታ ማታ ጉልበቷን ቅባት ሳሽላት እሷ ስለ ውሃው ታወራልኛለች። «ታዲያ ምነው አልሻለሽ?» እላታለሁ። «ውሃው ምን ያድርግ ልጄ፣ ዕድሜዬ ነው» ትለኛለች።

ሙቀቱ በዛብሽ እንዴ? ትንሽ ከፍ ብለሽ ተቀመጪ። ደረትሽን አውጪው፣ እንደሱ።

ዘንድሮ እኔው ፈቃድ ወስጄ አመጣኋት። ዘመዴ መጀመሪያ አዲስ የተከፈተ ሌላ ፍል ውሃ ጠቆመችኝ፤ በጣም የሚያምር ነው፣ ከዚህ ይሻላል፣ ሽታም የለውም አለች። ለኛ ምቾት ስታስብ ታያታለሽ! እኔ ግን «አይሆንም፣ እማዬ የለመደችው ውሃ ይሻላታል» አልኩ። ወንድሜም «መንገዱንም ቤቱንም የምታውቂው አንቺ ነሽ፣ አብረሻቸው ሂጂ» አላት። እሺ አለች። እምቢ ማለት መቼ ታውቃለች?

ዛሬ ጠዋት ገና ከመግባታችን ያቺ ፊሽካ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችው አስተናጋጅ እየሮጠች መጥታ እማዬ አንገት ላይ ተጠመጠመች። «እማማ! ቦርሳ የሚጠብቁት እናት! ምነው ጠፉ? ዛሬስ ሊገቡ ነው ወይስ እንደ አምናው ቁጭ ሊሉ ነው?»

እኔ ተሳስታ ነው፣ ከሌላ ሰው ጋር ተምታቶባት ነው አልኩ። አልተሳሳተችም። አግዳሚ ወንበሩን አሳየችኝ። ስትገቢ በግራ በኩል፣ ከፎጣ መደርደሪያው ሥር ያለው የእንጨቱ፤ አይተሽዋል። እማዬ አምና እዚያ ላይ ነው ሰባት ቀን የተቀመጠችው። ኮቷን እንደለበሰች፣ የዘመዴ ቦርሳ ጭኗ ላይ፣ ስልክ እጇ ላይ፣ ፎቶ አንሺኝ ስትባል እየተነሳች። አዛውንት ብቻቸውን ወደ ውሃው አይገቡም፣ የሚይዛቸው ሰው ያስፈልጋል፤ ደንባቸው ነው። የምትይዛት ዘመዴ ደግሞ ጠዋት ማሳጅ፣ ከሰዓት ጭቃ፣ ከዚያ ፀጉር። «ነገ አስገባታለሁ» ይባላል። ነገም ይመጣል፤ ነገ መምጣት መቼ ይሰለቸዋል? አስተናጋጇ አዝና «ኑ እማማ፣ እኔ ልያዝዎት» ብላት ነበር። እማዬ ምን አለቻት መሰለሽ? «አይ፣ ልጄ ትመጣለች፣ እሷኑ ልጠብቅ።»

ልጄ አለቻት እህቴ። ልጄ።

አስተናጋጇ ይህን ሁሉ ስትነግረኝ አጠገባችን አንድ ሰው አጎንብሶ የጫማ ማሰሪያ ሲያስር ቆየ። የፕላስቲክ ነጠላ ጫማ ማሰሪያ አለው እንዴ? አንቺ እስቲ ያንቺን እዪው… የለውም አይደል? እኔም እኮ ገርሞኝ ነው።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይላሉ፤ እኔ ሁለቱንም ከዚሁ ከአንድ ገንዳ ቀዳሁት።

እማዬ እጄን ይዛ ወደ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ጎተተችኝ። በዚያ ጉልበቷ እንዴት እንደጎተተችኝ! በሩን ዘጋችና «እንዳትናገሪያት» አለችኝ።

«ለምን ዋሸሽኝ?» አልኳት። «ሐር ነው ስትዪኝ የከረምሽው ከየት አምጥተሽ ነው?»

«ከውሃው የሚወጡት ሴቶች አጠገቤ ተቀምጠው ሲያወሩ እሰማ ነበር» አለች። «እነሱ እንዳሉት ነው የነገርኩሽ።»

የበሩን እጀታ ያዝኩ።

«ልጄ፣ የልጅ ልጄ ያለው እዚያ ቤት ነው» አለችኝ። «በዓይኔ የማየው እሷ በር ስትከፍትልኝ ነው። በሩ እንዲዘጋብኝ ትፈልጊያለሽ? የወንድምሽንስ ቤት ልታፈርሺ ነው? ማይልኝ። አንዲት ቃል እንዳትናገሪያት።»

ማልኩላት። ምን አደርጋለሁ? ማልኩና ልብሷን አወለቅሁላት፣ ቆቡን አጠለቅሁላት፣ ደረጃው ድረስ ደግፌ ወሰድኳት። አንድ እግሯን አስገባች። ቆመች። ሁለተኛውን አስገባች። ወገቧ ድረስ ስትደርስ ዞር ብላ አየችኝና፣ ዓመት ሙሉ ስለዚህ ውሃ ስትነግረኝ የከረመችው ሴትዮ…

«ውይ ልጄ» አለችኝ፣ «ለካ እንዲህ ነው!»

እዚህ ቤት ደግነቱ የሁሉም ሰው ፊት እርጥብ ነው። ማን አልቅሶ ማን ታጥቦ እንደሆነ አይታወቅም።

እና ይኸውልሽ፣ መሐላዬን ጠብቄያለሁ። እሷን አንዲት ቃል አልተናገርኳትም። ካንቺ ጋር አይደል እንዴ የማወራው? ከማላውቃት ሴት ጋር፣ ስለማታውቂያት ሴት። ይህ ደግሞ ምን ጥፋት አለው? ባይሆን ለዘመዴ ምስጋና ነው፤ እኔ አምና ፈተና ብዬ ቀረሁ፣ ክፉ ልጅ ተባልኩ፣ ይገባኛል። እኔ ያልወሰድኳትን አልወሰድኳትም። ወስዶ አለማድረስ ግን ሙያ ይጠይቃል። እናትን ሙሉ ሳምንት ውሃ ዳር አስቀምጦ ሳያርሷት መመለስ ለሁሉ ሰው የሚሰጥ ፀጋ መሰለሽ? እኔ ብሞክር እንኳን አንድ ጠብታ ያመልጠኝ ነበር።

ኧረ! ነቃች። ተነሳች እኮ… አይዞሽ፣ አንቺ ቦታሽን አትልቀቂ። ፊቷ እንዴት ቀልቷል አየሽ? ሙቀቱ ነው። ማስታወቂያው ላይ ከሃያ ደቂቃ በላይ አትቆዩ ይላል፤ የማይሰማ ሰው እንዲህ ይለበለባል።

ወዴት ነው? ልብስ መቀየሪያው በዚህ በኩል ነው… ወደ ትንሿ ገንዳ ነው የምትሄደው እንዴ? እህ። ገባች። አየሻት? አስተናጋጇን ለቀቅ አድርጊያት አለቻት መሰለኝ። ክንዷን ያዘች። የእማዬን ክንድ ያዘች!

እማዬም ሳቀችላት። እዪልኝ እንግዲህ። እንዴት እንደምትስቅላት… ዓመት ሙሉ ጉልበቷን ላሸሁት ለእኔ እንኳን እንዲህ ስቃልኝ አታውቅም። አሁን ምን ትዪያለሽ? ዓይኔ ውስጥ ውሃ ገባ መሰለኝ። ይህ ድኝ ያቃጥላል።

ትያዛት፣ ትያዛት። የዘገየ ሁሉ አይቀርም። አንድ ዓመት እኮ ምንም አይደለም፤ መንገዱ ረጅም ነው፣ ከዚያ አግዳሚ ወንበር እስከዚህ ገንዳ አሥራ ሁለት እርምጃ አለ፤ ቆጥሬዋለሁ።

የመስታወቱን በርም ክፍት ትታዋለች፣ ደግ ሰው መቼ በር ይዘጋል። እንግዲያው ምርቃቴ ይሰማ፣ ድምፄን ከፍ ላድርግ። አንቺም እጅሽን ዘርጊና አሜን በዪልኝ እህቴ፤ የእንግዳ ሰው አሜን ቶሎ ይደርሳል።

ያቺን ዘመዴን እግዜር ዕድሜ ይስጣት፣ አሜን። ፀጉሯ ነጭ እስኪሆን፣ ጉልበቷ እስኪደክም ያኑራት፣ አሜን። ያን አንድ ወንድ ልጇን ያሳድግላት፣ ጎጆ ያውጣላት፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃላት፣ አሜን። ሲያገባም ዓይኑን ወዲያና ወዲህ አያስብለው፤ በመልክም በጠባይም ቁርጥ እናቱን የመሰለች፣ ልክ እንደሷ የምትጦራት ምራት ይዞላት ይግባ።

ምነው እህቴ… አሜን አትዪም?