የሁለት ነጥብ ቁልፍ

በ1980 ዓ.ም. ነሐሴ ውስጥ አንድ ጠዋት፣ ጎፋ አውቶቡስ ስጠብቅ እትዬ አሰገደችን አገኘኋቸው። ንፋስ ስልክ ባለው መሥሪያ ቤታችን ሃያ ሁለት ዓመት በታይፕ የጻፉ ሴት ናቸው። እኔ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ አዲሶቹን ኮምፒዩተሮች እንዳስተምር ከተቀጠርኩ አራት ወሬ ነው። በእጃቸው ፖስታ ይዘዋል። ወደ መዝገብ ቤት ልዛወር የሚል ማመልከቻ መሆኑንና ለኃላፊያችን ለጓድ ምትኩ ዛሬውኑ እንደሚሰጡት ነገሩኝ።

"ፋይል ተሸክሞ ለመመላለስ ነው ይህ ሁሉ ሙያ?" አልኳቸው።

"ፋይል የጻፍኩትን አይበላብኝም፣ ከድጃ።"

ነገሩ እንዲህ ነው። እትዬ አሰገደች አንድ ቃል ባለቀ ቁጥር ሁለት ነጥብ ይመታሉ። በታይፑ ላይ ሁለት ነጥቡ ባለበት ቦታ፣ በኮምፒዩተሩ ላይ ያለውን ቁልፍ ግን ፕሮግራሙን የሠሩት ሰዎች መስመር ማጥፊያ አድርገውታል። እሳቸው ይጽፋሉ፣ ነጥቡን ይመታሉ፣ መስመሩ ይጠፋል። በሦስት ሳምንት አንድ ደብዳቤ አልጨረሱም። ወጣቶቹ ጸሐፊዎች "እትዬ፣ ዛሬ ስንት ቃል ቀለቡት?" እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

አውቶቡሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን የዘወትር ምክሬን ደገምኩላቸው፤ ነጥቡን ይተዉት፣ በቃላት መካከል ባዶ ቦታ ይበቃል አልኳቸው።

"ባዶ ቦታማ ያልተጻፈበት ወረቀት ነው" አሉ። "ደግሞስ እኔ ልተወው ብል ጣቴ መቼ ይተወዋል? አንቺ ስትራመጂ እግርሽን ታዥዋለሽ?"

ተናደድኩ። የተናደድኩት ትክክል ስለነበሩ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ የሰው ጣት ላርም ስታገል፣ የትኛው ቁልፍ ምን እንደሚሠራ የሚወስን ዝርዝር በፕሮግራሙ ውስጥ እንዳለ መመሪያው ላይ አንብቤ አልፌው ነበር።

ማመልከቻውን እስከ ምሳ ሰዓት እንዲያቆዩት ለመንኳቸውና ቁልፉን እንደምቀይረው ነገርኳቸው።

"ፈረንጅ የሠራውን ማሽን ልትፈቺ? ብታበላሺውስ?"

"ማሽኑን አልፈታውም። ቁልፉን የሚያዘው የተጻፈ ዝርዝር ነው። የተጻፈ ነገር ደግሞ ይሰረዛል፣ ይታረማል። ይህን ለእርስዎ እኔ ልንገርዎት?"

ፖስታውን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ቢሮ እንደገባን ዝርዝሩን ከፍቼ አሳየኋቸው። መስመር ማጥፊያውን እጅ ወደማይደርስበት ጥግ አዛወርኩት፤ በቦታው ሁለት ነጥብን አስቀመጥኩ። ሥራው አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ተጠራጥረው ተቀመጡና "ለሚመለከተው፡ሁሉ" ብለው ጻፉ። አልጠፋም። ከዚያ በኋላ ቁልፎቹን አላዩም። ገጹን ሲጨርሱ ከወጣቶቹ ጸሐፊዎች አንዳቸውም ግማሽ አልደረሱም፤ የሚቀልድም አልነበረም። ሦስተኛው መስመር ላይ አንድ ፊደል ተሳስቶ ነበር። በታይፕ ቢሆን ካርቦን ደርቦ ገጹን እንደገና መጻፍ ነበር፤ አሁን ያንኑ ፊደል ብቻ አርመው ሦስት ቅጂ አወጡ።

"እኔ እኮ የሚያዘኝ መስሎኝ ነበር" አሉ፤ "ለካ አዛዥ አጥቶ ነው።"

ጓድ ምትኩ ሲመጡ፣ መዝገብ ቤት እንደማይሄዱ እትዬ አሰገደች ራሳቸው ነገሯቸው።

አዲስ መሣሪያ የመጣው የሰውን ሙያ ሊጥል አይደለም። ድካም ይቀንሳል፣ ስሕተትን በቀላሉ ያርማል፣ አንድ ጊዜ የተጻፈውን አሥር ጊዜ ያወጣል። ይህን ሁሉ የሚሰጠው ግን ሊያዘው ለሚደፍር ነው። እኔም ተማርኩ ብዬ ለካ መታረም የሚገባውን አላውቅም ነበር።

ከሰዓት በኋላ እትዬ አሰገደች ጠሩኝ።

"አራት ነጥቡ ራቀብኝ፤ እስቲ አቅርቢልኝ።"

እጄን ስዘረጋ ከለከሉኝ።

"ተይው። ዝርዝሩ የት እንደሚከፈት አሳዪኝና እኔው ላድርገው።"